ስንዴ ወገብ የለውም

«ያቺ መኪና እኮ ኢተያ መታጠፊያው ላይ ሙሽራ ጥላለች» አለ አክመል፤ እንደ ትናንቱ፣ እንደ ትናንት ወዲያውም።

ፈይሩዛ ከቀይዋ ሴሊካ ሥር በጀርባዋ ተኝታ፣ የኋላውን ሾክ አብዞርበር ከያዘው የዛገ ብሎን ጋር ትግል ላይ ነበረች። ብሎኑ ዘይትም ልምምጥም የማይገባው ደረቅ ነው። ትንፋሿን ይዛ በሙሉ ጉልበቷ ስትስበው እየጮኸ ዞረላት።

«ሙሽሪት ማን ትባል ነበር?» አለችው ከሥር ሆና።

«እኔ በምን አውቃለሁ?»

«ባልየውስ የማን ልጅ ነው?»

«የድሮ ነገር ነው ፈይሩ። ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነው።»

«ሰው ሁሉ የሚያውቀው፣ አንድም ሰው ያላየው። ወሬህ እንደ ጎማዎችህ ነው አክመል፤ ተለጥፎ ተለጥፎ ዋናው ጎማ የት እንደገባ እንጃ።»

አክመል ሳቀ። ቶሎ የሚቀየም ሰው አልነበረም፤ ቢሆን ኖሮ ከፈይሩዛ ጋር አንድ ግቢ ውስጥ መዋል ባልቻለ። ጎሚስታው ከአሰላ ወደ ኢተያ በሚያወጣው አስፋልት ዳር ነው። የከተማው ጋራዦች «ሴት ልጅ መኪና ሥር ገብታ አንድ ነገር ብትሆን ማን ይጠየቃል?» እያሉ ሲመልሷት፣ የግቢውን ጥግ ለቆ ሸራ እንድትወጥር የፈቀደላት እሱ ብቻ ነበር። ስለዚህ ምላሷን ይችልላታል፤ እሷም ወሬውን ትችልለታለች። ይህችን አንዷን ወሬ ግን መቻል አቃታት። ሾክ ቢያረጅ ይቀየራል፣ ሞላ ቢሰበር ይገዛል። ርግማን ግን በየትኛው ቁልፍ ይፈታል?

ሾኩን ይዛ ወጣችና አቧራዋን አራገፈች። ጤነኛ ሾክ ሲገፉትም ሲስቡትም ይታገላል። ይህኛውን በመዳፏ ብትገፋው እርጎ ውስጥ እንደሚገባ ማንኪያ ሰተት ብሎ ገባ። ዘይቱን ድሮ ጨርሶ ተፍቶታል።

«ሙሽራ የጣለችው ይሄውልህ» አለች ለአክመል እያሳየችው። «ሞላ መኪናውን ይሸከማል፤ ሾክ ደግሞ ሞላውን ያስታግሳል። አስታጋሽ የሌለው ሞላ ጉድጓድ ባገኘ ቁጥር ብቻውን ይጨፍራል። ጂን አይደለም፣ ይሄ ነው።»

«ጂን አላልኩም እኮ። ሙሽራ ጥላለች ነው ያልኩት።»

ሴሊካዋ የጋሽ ሐቢብ ናት። ሁለት በር ብቻ ያላት፣ አፍንጫዋ የረዘመ፣ መሬት ለመሬት የተኛች የስፖርት መኪና ነች፤ ቀለሟ ፀሐይ ጠግቦ የከረመ ድልህ መስሏል። ጋሽ ሐቢብ በጎልማሳነቱ፣ ከእህል መኪና ሾፌርነት ወጥቶ የዕቃ ሱቅ እንደከፈተ፣ ሥራውን ጨርሶ ወደ አገሩ ከሚመለስ ፈረንጅ ገዛት። ከዚያ ወዲህ በከተማው ስንት አዲስ መኪና ገብቶ ሲያረጅ እሱ ቀይዋን እያጠበ ኖረ። ሲያጥባት ደግሞ በባልዲ እንጂ በጎማ ውሃ አይደለም። ፈይሩዛ ልጅ ሆና ከትምህርት ቤት ስትመለስ በግቢው አጥር ሥር ቆማ ታይ ነበር። መኪና የሚባል ነገር ልቧ ውስጥ የገባው ያኔ ነው። አሥራ ሁለተኛን ጨርሳ ዩኒቨርሲቲ ሳይጠራት ሲቀር የአጎቷን የሞተ ባጃጅ ፈታታ፣ በስልኳ ቪዲዮ እያየች መልሳ ገጥማ አስነሳችው። «ማን አስተማረሽ?» ሲሏት «ባጃጁ» ትላለች። ከተማው ግን ልቡን አልሰጣትም። ካንዴላ ለማስቀየር ወደ እሷ ይመጣል፤ ሞተር ማውረድ ሲሆን ወደ ወንዶቹ ይሄዳል።

ቀይዋን ያገኘቻት በእትዬ ከዲጃ ወገብ ምክንያት ነው። የጋሽ ሐቢብ ባለቤት አምና የዲስክ ኦፕሬሽን ተደርጎላቸዋል። ለበዓል ዲክሲስ እህታቸው ቤት ደርሰው ሲመለሱ ኮረኮንቹ እንዲህ ናጣቸውና፣ ከመኪናዋ መውረድ አቅቷቸው ሁለት ጎረቤት ሴቶች ደግፈው አስገቧቸው። ጋሽ ሐቢብ በዚያው ምሽት ደላላ ጠራ። አንድ የአዳማ ሰው ሰኞ መጥቶ ሊወስዳት ቃል ሰጠ። ይህን የሰማች ፈይሩዛ ሳትጠራ ሱቁ ሄደች፤ ጥፋቱ የሾኩ እንጂ የመኪናዋ እንዳልሆነ ቆማ ተከራከረች። ጋሽ ሐቢብ ፊቱን ወደ መደርደሪያው አዙሮ ሲሰማት ቆየና እንዲህ አላት፦

«እሑድ ዲክሲስ እንሄዳለን። ከዲጃ በራሷ እግር ወርዳ እህቷ ቤት ከገባች መኪናዋ ትቀራለች። አለበለዚያ ሰኞ ሰውየው ይወስዳታል። እኔ ብረት ወድጄ ሚስቴን አላስለቅስም።»

«ይሁን» አለች ፈይሩዛ።

«ደግሞ ስሚ። ከቀረች ጠባቂ ያስፈልጋታል፤ መጠለያዋ ሰፊ ነው፣ መንገድ ዳር ነው፣ አብረሽ ሥሪበት። ከሄደች ግን ለእህል ነጋዴ ነው የማከራየው። ባዶውን እያየሁ መዋል አልችልም።»

ስለዚህ ፈይሩዛ በዚያ ሳምንት የምትመርጠው ሾክ ብቻ አልነበረም። ራሷ ላይ ቆርቆሮ ይኑር ወይስ ሸራ ሥር ትቅር የሚለውንም ነበር።

በለጠ መለዋወጫ የሚሸጠው አባቱ ከጉራጌ አገር መጥተው በከፈቱት ሱቅ ነው። ዕድሜው ከእሷ ብዙም አይርቅም፤ የሚስቀው ግን ሲሸጥ ብቻ ነው። ከጋሽ ሐቢብ ጋር ሲገቡ ሦስት ዓይነት አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ደረደረላቸው።

የመጀመሪያው ጥቁርና ወፍራም፣ የፒካፕ ነበር። «ይሄ ለአርሲ መንገድ የተፈጠረ ነው» አለ በለጠ። «ማሰሪያውን ትንሽ ታስተካክይዋለሽ እንጂ ይገባል። ከአርቦዬ ስንዴ ጭኖ የሚመጣው ሁሉ በዚህ ነው። አይሞትም።»

«እሱማ አይሞትም» አለች ፈይሩዛ። «የሚሞተው ላዩ የተቀመጠው ነው።»

ሁለተኛው ቢጫ ነበር። የሚያብረቀርቅ፣ ጋዝ ያለው፣ ለውድድር መኪና የሚሠራ፤ አንዱ ከውጭ አስመጥቶ ሳይወስደው የቀረ። ጋሽ ሐቢብ እንዳየው መነጽሩን አወለቀና እንደገና አደረገ። ጣቱን በቢጫው ቀለም ላይ ሲያሳልፍ ፊቱ የአንድ ጎረምሳ ፊት ሆነ። ሦስተኛው አቧራ የጠጣ ግራጫ ካርቶን ውስጥ ነበር። በለጠ ካርቶኑን እፍ ብሎ ሳይጨርስ ገፋ አደረገው፦

«ይሄ የካሪና ነው። ልክ ይገባል፣ ከሴሊካዋ ጋር የአንድ እናት ልጆች ናቸው። ግን ለስላሳ ነው። የቤተሰብ መኪና ነገር፤ የሽማግሌ ታክሲ።»

ፈይሩዛ ካርቶኑን አልከፈተችውም። እዚህ ላይ እውነቱ ይነገር፤ ቢጫው ዓይኗን ወስዶታል። በስልኳ ያየቻቸው መኪኖች ሁሉ በዚህ ቢጫ ላይ ነበር በየመታጠፊያው መሬቱን ጨብጠው የሚያልፉት። ደግሞስ የከተማው ጋራዥ ሁሉ ዓይኑን አፍጦ እሷን በሚጠብቅበት ሳምንት ለስፖርት መኪና የታክሲ ሾክ ገጠመች ልትባል ነው? ለጋሽ ሐቢብ ስለ ጋዙ፣ ስለ ቫልቩ፣ መኪናዋ ስትዞር እንዴት እንደምትቆም ስታብራራ በለጠ እንኳ አፉን ከፍቶ ሰማት። ስትጨርስ ቢጫው ተጠቀለለ።

በአርሲ መኪና ተሠርቶ ሲወጣ የሚሞከረው በእህል ነው። በተለይ በዚያ ወር፤ ኮምባይነሮቹ ማሳ ለማሳ ሲዞሩ ውለው፣ አስፋልቱ ዳር ስንዴው ተቆልሎ፣ ጆንያ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። አንድ ኩንታል አፉን ሳያስሩ ይጭኑና ኮረኮንች ይወስዱታል። ስንዴው ካልፈሰሰ መኪናው ተሠርቷል፤ ከፈሰሰ መካኒኩ ይለቅመዋል። ፈይሩዛም እንደ አገሩ አደረገች። ሾኮቹን ከፊትም ከኋላም ገጥማ ስትጨርስ አክመል ሁለት ኩንታል ተሸክሞ አመጣላት፤ አንዱን ከጎኗ፣ አንዱን ከኋላ አስቀመጠችና ከከተማው ጀርባ ወዳለው ሞገድ የሠራ የጠጠር መንገድ ነዳች።

ቀይዋ በረረች። መሪው እጇ ውስጥ ተረጋጋ፤ መታጠፊያው ላይ ወገቧን እንኳ አላዘነበለችም። ተመልሳ ግቢው ስትገባ ሰዎች ተሰብስበው ነበር። አክመል አንገቱን በመስኮት አስገብቶ የጆንያውን አፍ አየ፣ ወንበሩን በመዳፉ ዳበሰ፤ አንዲት ፍሬ አልፈሰሰችም።

«ማሻአላህ!» አለ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ኢተያ መታጠፊያው ጋ ግን አልደረስሽም አይደል?»

ዓርብ፣ ጋሽ ሐቢብ ለጁምዓ ወጥቶ ሳለ፣ አንድ ባጃጅ ግቢው በር ላይ ቆመና እትዬ ከዲጃ ወረዱ። ትንሽ፣ ቀጭን፣ ነጠላ ጫማቸው እንኳ የልጅ የሚመስል ሴት ናቸው። ከእሑድ በፊት እኔው ልያት ብለው ነው የመጡት፤ ለባላቸው አልነገሩም። ፈይሩዛ ደስ አላት። በኩራት በሩን ከፈተችላቸው፣ በዚያው መንገድ ወሰደቻቸው፣ በዚያው ፍጥነት ነዳች። ስለ ሾኮቹም እየነገረቻቸው ነበር። ግማሽ መንገድ ላይ ዞራ እትዬ ከዲጃን አየቻቸው፤ በአንድ እጃቸው በሩን፣ በሌላው ወንበሩን ጨብጠው የጣቶቻቸው ጫፍ ነጥቷል። መኪናዋ በእያንዳንዷ ጠጠር ላይ እንደ ከበሮ ትደልቅ ነበር፤ እሳቸውም ከወንበሩ ላይ እንደ ተልባ ይፈናጠራሉ። ፈይሩዛ እግሯን ከነዳጁ አነሳች።

ቆሙ። ነፋሱ ከጭላሎ ተራራ በኩል ይመጣል።

«በምን ሞከርሻት?» አሉ እትዬ ከዲጃ ትንፋሻቸው ሲመለስ።

«በኩንታል። እንደ ወጉ። አንድ ፍሬ አልፈሰሰም።»

«ስንዴ ወገብ የለውም፣ ልጄ።»

ፈይሩዛ መሪውን ለቀቀች።

«እኔ ደግሞ የኩንታል ግማሽ አልሞላም» አሉ እትዬ ከዲጃ፤ ቁጣ አልነበረባቸውም፣ ፈገግታ ቢጤ እንጂ። «እህል የጫነ መኪና ውስጥ ተቀምጠሽ ታውቂ የለ? ባዶውን ሲመለስ ነው አጥንት የሚሰብረው።»

«ለጋሽ ሐቢብ ይነግሯቸዋል?»

«ምን እነግረዋለሁ? እሱ ወገቤን ያያል እንጂ አፌን መች ይሰማል። ደህና ነኝ ብዬ ብምልለት እንኳ ስወርድ ያየኛል።» በሩን ለመክፈት እጃቸውን ሰደዱና ተዉት። «እሑድ ገና ነው አይደል?»

«ነገ አለ» አለች ፈይሩዛ።

ወደ ግቢው ሲመለሱ በቀስታ ነዳች። እትዬ ከዲጃን ባጃጅ ላይ አሳፍራ፣ ከመኪናዋ አጠገብ በተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀምጣ ቆየች። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል፤ የእሷ ግን ቆሞም ተፈቷል። ነገሩ እንዲህ ግልጽ ነው፤ ለፍጥነትና ለክብደት የተሠራ ጠንካራ ሾክ ቀላል ሰው ሲቀመጥበት መታጠፉን እምቢ ይላል፤ መንገዱ ያመጣውን ሁሉ ቀጥ አድርጎ ወደ ወገብ ይልከዋል። ይህን ታውቀው ነበር። በቪዲዮም ሰምታዋለች። ያኔ ግን የምታየው ቢጫውን ነበር። የባሰው ደግሞ ሌላ ነው፤ ይህን ሁሉ መኪና ስትፈታና ስትገጥም አንድም ቀን ከሾፌሩ ጎን ተቀምጣ ሞክራ አታውቅም። መሪ የያዘ ሰው የሚመጣውን ጉድጓድ ያያል፣ ሰውነቱን ያዘጋጃል። ከጎን ያለው ነው ሳያውቀው የሚመታው።

በማግስቱ ጠዋት ቢጫዎቹን ከመኪናዋ ፈታ፣ ጠርጋ በየካርቶናቸው መልሳ በለጠ ሱቅ ገባች። ሱቁ ሰው ሞልቶበት ነበር፤ ኮምባይነር ነጂዎች የማሽን ቀበቶ ሊገዙ ተሰልፈዋል። በለጠ ካርቶኖቹን ሲያይ ክንዱን አጣምሮ ጠበቃት። የተገጠመ ዕቃ አይመለስም የሚለው ጽሑፍ ከጭንቅላቱ በላይ ተለጥፏል።

«የካሪናውን ስጠኝ» አለች።

«የሽማግሌ ታክሲውን?» በለጠ ድምፁን ከፍ አደረገ፤ ቀበቶ ጠባቂዎቹ ዞሩ። «ስለ ጋዝና ስለ ቫልቭ ያስተማርሽኝ አንቺ አይደለሽም? እኔማ ደብተር ልገዛ ነበር።»

«ተሳስቻለሁ።»

ቃሉ ከአፏ ሲወጣ እንደ ዛገው ብሎን ጮኸ። ፈይሩዛ ግን እዚያ ላይ የምታቆም ሰው አልነበረችም፦

«እኔ በአንድ እርምጃ ተሳሳትኩ። አንተ የፒካፑን ስትመክረኝ በሁለት። አሁን እየተሳሳትን እንዋል ወይስ ካርቶኑን ታወርድልኛለህ?»

ቀበቶ ጠባቂዎቹ በሳቅ ፈነዱ። በለጠም ሳቀ፤ መሸጥ ላይ ስለነበረ ሊሆን ይችላል። ቢጫዎቹን እያገላበጠ ጭረት ፈለገና አጣ። ግራጫውን ካርቶን አውርዶ አቧራውን በእጅጌው ጠረገላት፤ በዚህኛው ጊዜ ጠርጎ ጨረሰው።

ቅዳሜን ሙሉ ሠራች። ስትጨርስ አክመልን ጠርታ የጎማዎቹን አየር እንዲቀንስ ነገረችው። አክመል ተቆጣ። በእሱ ግቢ ሁሉም ጎማ የሚነፋው ለጭነት ነው፤ ድንጋይ እስኪመስል። የተነፈሰ ጎማ ከእጁ ወጥቶ ከተማ ውስጥ መታየቱ ለስሙ ጥሩ አልነበረም።

«ሰው ምን ይለኛል? አክመል መንፋት አቃተው ይለኛል።»

«ሰው እኔን ምን ሲለኝ ዋለ? ማሎ እባክህ፣ ቀንስልኝ። የምትጭነው እትዬ ከዲጃን እንጂ ስንዴ አይደለም።»

እያጉረመረመ ቀነሰ። ከዚያ ቁልፉን ሰጠችውና እሷ ከጎን ተቀመጠች። አክመል መሪውን እንደ ትኩስ ድንች ያዘው፤ በሄዱበት ሁሉ ወደ ኢተያ ወደሚወስደው መንገድ እንዳትልከው እየለመናት ነበር። የጠጠሩ መንገድ ላይ ሲደርሱ ዓይኗን ጨፈነች። ቀይዋ ጉድጓዱን እሺ ብላ ተቀበለችው፤ ዝቅ አለች፣ ቀስ ብላ ተነሳች፣ አበቃ። ሁለተኛ አልዘለለችም። መታጠፊያው ላይ ትንሽ ዘንበል አለች፤ ለስፖርት መኪና ነውር ሊሆን ይችላል። ፈይሩዛ ነውሩን ወደደችው።

እሑድ ጋሽ ሐቢብ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ መጣ። ጎንበስ ብሎ አዲሶቹን ሾኮች አየና ቢጫ ሳያገኝ ሲቀር ወደ ፈይሩዛ ዞረ። የካሪና መሆናቸውን፣ ቢጫዎቹንም ለቀላል ሰው ወገብ ስለሚከብዱ እንዳወረደች ሳትደብቅ ነገረችው። ዓርብ የሆነውን ግን የእትዬ ከዲጃ ጉዳይ ስለሆነ ለእትዬ ከዲጃ ተወችው። ጋሽ ሐቢብ መሪውን ያዘ። እትዬ ከዲጃ ከጎኑ ተቀመጡ፤ ፈይሩዛ በዚያች ጠባብ የኋላ ወንበር ጉልበቷን አገጯ ሥር አድርጋ ታጠፈች። ከዚያ የሚታያት የሁለቱ ትከሻ ብቻ ነበር፤ እሷም የምትፈልገው የእትዬ ከዲጃን ትከሻ ብቻ ነው።

አስፋልቱ ፈተና አልነበረም። ከኢተያ ወጥተው ኮረኮንቹ ሲጀምር ጋሽ ሐቢብ ፍጥነቱን ቀነሰ፤ ዓይኑ ከመንገዱ ይልቅ ወደ ጎን ይሸሽ ነበር። ከግራና ቀኝ ያልታጨደው ስንዴ እስከ ተራራው ግርጌ ቢጫ ለብሷል። አንድ ትልቅ ጉድጓድ ላይ ፈይሩዛ ጥርሷን ነከሰች። መኪናዋ ዝቅ ብላ ተነሳች። እትዬ ከዲጃ ምንም አላሉም። ሌላ ጉድጓድ፤ አሁንም ምንም። ከዚያ ሻሻቸው ቀስ እያለ ወደ መስኮቱ አዘነበለ። ፈይሩዛ ደነገጠች፤ ራሳቸውን የሳቱ መሰላት። ወደ ፊት ተስባ አየቻቸው።

እትዬ ከዲጃ ተኝተው ነበር። አፋቸው በትንሹ ተከፍቶ፣ እጃቸው ጭናቸው ላይ ተፈትቶ፣ በዚያ አጥንት ሰባሪ መንገድ ላይ እንቅልፍ ወስዷቸዋል።

ጋሽ ሐቢብም አየ። ራዲዮኑን አጠፋ። ከዚያ ወዲያ ሁለቱም ዲክሲስ እስኪደርሱ አልተነፈሱም፤ አንዲት ከብት መንገድ ዘግታ ስትቆም እንኳ ጥሩምባ ሳይነፋ እስክትነሳ ጠበቃት።

የእህትየው በር ላይ ሲቆሙ እትዬ ከዲጃ ነቁ። በሩን ራሳቸው ከፈቱ። መጀመሪያ አንድ እግራቸውን፣ ቀጥሎ ሁለተኛውን አወረዱና ቆሙ። ሻሻቸውን አስተካክለው ገቡ። ጋሽ ሐቢብ እስኪገቡ ከኋላቸው ሲያይ ቆየ፤ ከዚያ ስልኩን አወጣና ወደ አጥሩ ጥግ ሄደ። ነፋሱ ድምፁን እየቆራረጠ ነበር የሚያመጣው፤ ለፈይሩዛ የደረሳት «ይቅርታ ወንድሜ» እና «አትሸጥም» ብቻ ነው። ያ በቂዋ ነበር። የቀረውን ነፋሱ ይውሰደው።

ከምሳ በኋላ ጋሽ ሐቢብ ከአማቹ ጋር ማሳ ሊያይ ወጣ። እትዬ ከዲጃ ፈይሩዛን ይዘው ወደ መኪናዋ መጡ፤ እጃቸውን ሙቀቱ ባልለቀቀው ኮፈን ላይ አሳርፈው ቆሙ።

«ያ ጎረቤትሽ አሁንም ሙሽራ ጥላለች ይላል?» አሉ።

«አክመል? ሌላ ወሬ የለውም። ማን እንዳስያዘው ባገኘሁት።»

«እናቱ ናት ያስያዘችው። እሷን ያስያዝኳት ደግሞ እኔ ነኝ።»

ፈይሩዛ ወደ እሳቸው ዞረች።

«አንድ ዓመት ሱቁ ቀዘቀዘ። ሐቢብ ሳይነግረኝ ለሮቤ ሰው ሊሸጣት ተዋዋለ። ሌሊት ሲገላበጥ ያድራል። አትሽጥ ብለው ለእልኸኛ ሰው ምን ይጠቅማል? ጠዋት ተነስቼ የአክመል እናት ዘንድ ሄድኩና፣ ለማንም እንዳትነግሪ ብዬ፣ ሙሽራ ጥላለች አልኳት። በሦስተኛው ቀን ገዢው ቀረ። ከዚያ ወዲህ እስከ ዘንድሮ ማንም ዋጋ ጠይቆ አያውቅም።» ሳቅ አሉ። «ለአዳማው ሰውዬም ላስነግርለት አስቤ ነበር፤ ወገቤ ቀደመኝ። አሁንማ አንቺ አድነሻት የለ፣ ምን ዋጋ አለው።»

«ታዲያ ሙሽራዋ ከየት መጣች?»

«ከዚህ በር ነዋ።» በአገጫቸው የእህታቸውን ቤት አመለከቱ፤ ዱሮ የአባታቸው ቤት ነበር። «ከእኔ ሌላ ሙሽራ ጭና አታውቅም። እኔን ደግሞ አልጣለችኝም።»

አሰላ ሲገቡ ፀሐይዋ ዘንበል ብላለች። ጋሽ ሐቢብ ጎሚስታው ፊት ለፊት አቆመ፤ የፈይሩዛን ዕቃ ወደ መጠለያው ሊያጓጉዝ ነው። አክመል እጁን በጨርቅ እየጠረገ እየሮጠ መጣ። መጀመሪያ ያየው እትዬ ከዲጃን ነው፤ ቀጥሎ ጎማዎቹን።

«በሰላም ገባችሁ? ኢተያ መታጠፊያው ላይስ?»

ፈይሩዛ ለዚህ ሰው የሚሆን መልስ ከጠዋት ጀምሮ ሳይሆን ከሳምንት ጀምሮ አዘጋጅታ ነበር። እናቱንም፣ ወሬውንም፣ የተለጠፈ ጎማውንም ያካተተ፣ ግቢውን ሁሉ የሚያስቅ መልስ። እትዬ ከዲጃ ከፊት ወንበር ላይ ሆነው ጭላሎን በጣም በጥንቃቄ ያያሉ።

«እዚያ ስንደርስ» አለች ፈይሩዛ፣ «መሪው ትንሽ ተንቀጠቀጠ።»

አክመል በደስታ ጭኑን መታ። «አላልኩሽም?»

«ብለኸኛል» አለች፤ የመጠለያውንም ቁልፍ ከጋሽ ሐቢብ እጅ ተቀበለች።